የዋርካ በር ስልኮች ለምን አላወርድ አሉ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የመጀመሪያው ደንበኛዬ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ስልኩ ከጀልባ ላይ ሐይቁ ውስጥ ወድቆበት፣ አውጥቶ ሁለት ቀን ጤፍ ውስጥ ቀብሮ ካቆየው በኋላ ነው ያመጣው። አሠሪዬ ጋሽ ሰይድ ካቻቢቴውን አቀበለኝና «ክፈተው» አለኝ። ከፈትኩት። ከባትሪው ሥር ጤፍ አገኘሁ። ከጤፉ ሥር ደግሞ አንድ የዓሣ ቅርፊት ቦርዱ ላይ ተለጥፏል። በወረንጦ አነሣሁትና ነጭ ወረቀት ላይ፣ ከብሎኖቹ ቀጥሎ፣ በተራው አስቀመጥኩት።

ጋሽ ሰይድ እስኪያስለው ሳቀ። «ኧረ ኑ እዩልኝ! ይሄ ልጅ ስልኩን ሲገጥም ቅርፊቱንም ቦታው ሊመልሰው ነው!»

እኔ ግን የወጣ ነገር ሁሉ በወጣበት ተራ መቀመጥ አለበት ብዬ ነው። ቦርዱን በጥርስ ብሩሽና በአልኮል አጠብኩት፣ በሙቅ አየር አደረቅኩት፣ መልሼ ገጠምኩት። በራ። ዓሣ አጥማጁ እስከ ዛሬ በሱቃችን በር ባለፈ ቁጥር «ባለ ቅርፊቱ!» ብሎ ይጠራኛል። ስሜ ሲሳይ ነው።

ሱቃችን ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት ነው። ሁለት ሰው ከተቀመጠበት ሦስተኛው ቆሞ ነው የሚያወራው። ጋሽ ሰይድ ባለቤትና ዋና ሠሪ፣ እኔ ተለማማጅ ነበርኩ። ኮሌጅ አልገባሁም። የተማርኩት ከሞቱ ስልኮች ነው፤ ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው የሄዱትን እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ። ሰው ሲያናግረኝ መልሱ ቶሎ አይመጣልኝም። ስለዚህ ጋሽ ሰይድ ያወራል፣ እኔ እሠራለሁ። ደብተርም አለኝ። የገባ ስልክ ሁሉ ከየት እንደመጣ፣ ሕመሙ፣ ያደረግኩለት ነገር፣ እንዴት እንደወጣ ይጻፍበታል።

አሁን አሁን ከሚመጡልን ስልኮች ብዙዎቹ የተሰበሩ አይደሉም። ይበራሉ፣ ይደውላሉ፣ አፕ አውርዱ ሲባሉ ግን እምቢ ይላሉ። ለዚህ ጋሽ ሰይድ ተራ አስተምሮኛል። መጀመሪያ ኢንተርኔቱን እይ፣ ጥቅል አልቆበት ይሆናል። ቀጥሎ ቦታውን እይ፣ በሠርግ ቪዲዮ ተሞልቶ ይሆናል። ከዚያ አፕ የሚወርድበት ስቶር ያጠራቀመውን ትርፍራፊ አጽዳ። ከዚያ አካውንቱን አውጥተህ መልሰህ አስገባ። ይህ ሁሉ ካልሠራ ፎርማት ነው፤ ስልኩን ከፋብሪካ እንደወጣ ባዶ ማድረግ።

«ፎርማት እንደ ኮሶ ነው» ይላል ጋሽ ሰይድ። «ያሽራል፣ ግን ሆድ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ ነው የሚወጣው።»

ባለፈው መስከረም ማብቂያ ላይ ደብተሬ ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር ታየኝ። ዋርካ በር ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ተራራ ወገብ ላይ ያለች መንደር ናት። ጋሽ ሰይድ የዚያ ልጅ ስለሆነ የመንደሩ ሰው የውጫሌን ጠጋኝ ሁሉ አልፎ ስልኩን ለእኛ ይልካል፣ በፌስታል አስሮ፣ በሚኒባስ ረዳት እጅ። ከዚያ የሚመጣው ስልክ ሁሉ ሕመሙ አንድ ሆነ። ኢንተርኔት አለው፣ ቦታ አለው፣ አካውንቱ ደህና ነው። ስቶሩ ግን «ግንኙነት የለም፣ እንደገና ይሞክሩ» ይላል። ፎርማት ሳደርገው ወዲያው ያወርዳል። እልከዋለሁ። በሳምንቱ ያው ስልክ፣ በዚያው ፌስታል፣ በዚያው ሕመም ይመለሳል።

«ጂን ነው» አለ አንድ ባለ ባጃጅ።

«የእኛ መንደር ጂን ድሮ ከብት ነበር የሚያሳምመው» አለ ጋሽ ሰይድ። «ከብቱ ቢያንስበት ወደ ስልክ ዞረ ማለት ነው።»

እኔ ደብተሬን አገላበጥኩ። አሥራ አንድ ስልክ፣ ስድስት ዓይነት ስሪት፣ አንድ መንደር። የሚያመሳስላቸው መንደሩ ብቻ ነበር። ይህን ለጋሽ ሰይድ ነገርኩት።

«እና መንደሩን ፎርማት ልታደርገው ነው?» አለኝ።

ጥር አሥራ ስድስት ቀን አያ ይማም ስልካቸውን ይዘው ራሳቸው መጡ። የዋርካ በር ገበሬ ናቸው፤ ረጅም፣ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው የታጠቁ፣ ሲናገሩ ባጃጅ ተራው ድረስ የሚሰማ። ልጃቸው ዘሀራ ጅዳ ናት። ካገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዘጠኝ ዓመት ጥበቃ በኋላ፣ ትናንት፣ ሴት ልጅ ወልዳለች።

ይህን ተናግረው ጠበቁኝ።

«አልሀምዱሊላህ አትልም እንዴ አንተ ልጅ? አፍህ ውስጥ ብሎን ይዘሃል?»

እውነትም ብሎን ይዤ ነበር። አውጥቼ ወረቀቱ ላይ አኖርኩና «እንኳን ደስ አለዎት፣ አያ ይማም» አልኩ። ጋሽ ሰይድ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባተኛው ቀን ስም ይወጣል። ስሙን አያ ይማም እንዲያወጡ ዘሀራ ባሏንም የባሏን ወገኖችም አስፈቅዳለች። ነገር ግን በአያ ይማም ቤት ወግ አለ፤ ፊቱ ያልታየ ልጅ ስም አይወጣለትም። አባታቸውም አያታቸውም ሕፃኑን ታቅፈው፣ ፊቱን ወደ ብርሃን አዙረው፣ ትክ ብለው አይተው ነው ስም ያወጡት።

«በድምፅማ በየቀኑ አገኛታለሁ» አሉ። «ስም ግን በጆሮ አይወጣም። እኔ ፍየል እንኳ ሳላይ አልገዛም!»

ዘሀራ በምስል የሚያገናኝ አፕ ስሙን ልካላቸዋለች። ስልኩ አያወርድም። ጥር ሃያ አንድ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጅዳ ዙህር ይሰገዳል። እስከዚያ ካልሆነ የባሏ ወገን ስም ያወጣል፤ ውሉ ይኸው ነው።

«ታዲያ ያን ቀን እዚህ መጥተው ከሱቅ አይደውሉም?» አለ ጋሽ ሰይድ።

«አንተ ሰይድ፣ ምን ነካህ? ዱዓ የሚያደርጉት ሽማግሌዎች መንደር፣ በጉ መንደር፣ እኔ ብቻዬን እዚህ ከቻርጀር ጋር ተሰቅዬ ስም ላውጣ?»

ጋሽ ሰይድ አፈረ።

ተራውን ሁሉ ሞከርኩ። ኢንተርኔት፣ ቦታ፣ ትርፍራፊ፣ አካውንት። እምቢ አለ። ፎርማት ላደርገው መሆኑንና ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ነገርኳቸው።

«አንድ ፎቶ ነው ያለኝ፤ የዳማው በሬዬ። ተሰናብቼዋለሁ፣ አጥፋው» አሉ።

ማጥፋት አልሆነልኝም። በሬውን ወደ እኔ ስልክ ገልብጬ፣ ፎርማት አድርጌ፣ በሬውን መለስኩት። አፑ በሁለት ደቂቃ ወረደ። ዘሀራ ገና የአንድ ቀን አራስ ስለሆነች ዛሬ አላስቸግራትም ብለው ሳይደውሉ፣ እያንጎራጎሩ ሄዱ።

ጥር ሃያ ቀን ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡ። እንደ ወትሯቸው አልጮኹም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «ሞተ» አሉ።

አፑን ከፍተው ዘሀራ ጋ ሊደውሉ ሲሉ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጽፎ አልከፍት አላቸው። ያኔ ሌላ አወርዳለሁ ብለው አጠፉት። ስልኩም አላወርድም አለ። ነገ ሰባተኛው ቀን ነው። ሐይቅ ውስጥ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ መብራት ጠፍቷል፤ ከመብራቱ ጋር ኔትወርኩም ሄዷል። ስልኩን አገላብጬ አየሁት። ስክሪኑ ጥግ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር፣ ከሥሩ 20/5 ይላል። ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

አያ ይማም መሬት መሬት ያያሉ።

«ነገ እኔ ዋርካ በር እመጣለሁ» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ጋሽ ሰይድ በሦስት ዓመት ውስጥ ሳልጠየቅ የተናገርኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው ይላል። እኔ ሌላ ነገር እንዳልተናገርኩ አላስታውስም፣ ግን አልተከራከርኩትም።

«ሂድ» አለኝ። «መንደሬ ፊት እንዳታሳፍረኝ። ካልሆነልህ ግን አትመለስ፣ እዚያው አግብተህ ቅር።»

በማግሥቱ ማልጄ በሚኒባስ ውጫሌ ገባሁ፤ ከዚያ በባጃጅ መንገዱ እስካለቀበት ሄድኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ፓወር ባንክ፣ ኬብል፣ ትርፍ ሲም፣ ካቻቢቴና ደብተሬ አሉ። አያ ይማም መንገዱ ማለቂያ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ስልኩን በሁለት እጃቸው፣ እንደ ጫጩት ይዘውታል። ሽቅብ ስንወጣ በየሃምሳ እርምጃው «አሁንስ?» ይሉኛል። እሞክራለሁ። «ግንኙነት የለም» ይላል። ኔትወርኩ ግን ከሐይቅ የተሻለ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ዋርካ በር ገባን። ዕለቱ ጥር ማርያም ናት፤ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወደ ሜዳው ይፈስሳል። በወዲያኛው በኩል መስጊዱ ይታያል። በሁለቱ መካከል መንደሩ ስሙን ያገኘበት ዋርካ ቆሟል። ከዋርካው ሥር ሰልፍ አለ፤ ነጠላ የለበሰም፣ ሽርጥ የታጠቀም፣ ሻሽ ያሰረችም። ሁሉም ስልኩን በእጁ ይዟል።

«ይሄ የምን ሰልፍ ነው?» አልኩ።

«የመሪጌታ ነው» አሉ አያ ይማም እንደ ዋዛ። «ስልክ ያቃናል። እናንተ ከሐይቅ አጣማችሁ ትልካላችሁ፣ እሱ ያቃናል።»

ቆምኩ። «ምኑን ነው የሚያቃኑት?»

«ቀኑን ነዋ!»

ሰልፉን አልፌ ጠጋ አልኩ። መሪጌታ ጥበቡ የቤተ ክርስቲያኑ ሊቅ ናቸው፤ የባሕረ ሐሳብ መምህር፣ በዓልና ጾም መቼ እንደሚውል በጣታቸው አንጓ የሚቆጥሩ። ነጭ ጥምጣም፣ ወፍራም መነጽር። የአንዲት ሴት ስልክ እጃቸው ላይ ነው። ማስተካከያውን ከፈቱ። ቀኑን ከኔትወርክ የሚወስደውን ቁልፍ ዘጉ። ዓመቱን ወደ ኋላ አንከባለው የእኛ ዓመተ ምሕረት ላይ አቆሙት። ወሩን አምስት፣ ቀኑን ሃያ አንድ አደረጉ። ሰዓቱ ላይ ሲደርሱ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፣ ሰከንዱ አሥራ ሁለት ላይ እስኪደርስ ጣታቸውን አንሥተው ጠበቁ፣ ከዚያ ነኩት። አራት ሰዓት ከስምንት። እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

ያኔ የትናንቱ ጥግ ትዝ አለኝ። ዘጠኝ ከአሥር፣ 20/5። በአራት ወር ውስጥ በአሥራ አንዱም ስልክ ላይ ያንን ጥግ አይቻለሁ። ትክክል ስለነበረ ልብ አላልኩትም።

«አንተ ደግሞ የማን ነህ?» አሉ መሪጌታ።

«የሰይድ ሱቅ ልጅ ነው፣ የሐይቁ» አሉ አያ ይማም።

መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ። «አሃ! አንተ ነህ? እኔ አቅንቼ የላክሁትን ሁሉ ስምንት ዓመት ወደ ፊት ገፍተህ የምትመልሰው?»

ብዙ ጊዜ መልስ የማይመጣልኝ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን አመለጠኝ። «እርስዎ ነዎት? እኔ አድኜ የላክሁትን ሁሉ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የሚመልሱት?»

ሰልፉ በሙሉ ፈነዳ። አንዷ ሴት ስልኳን ጥላ ሆዷን ያዘች። ለካ አራት ወር ሙሉ ሳንተዋወቅ ስንጣላ ነበር። እኔ ፎርማት ሳደርግ ስልኩ ቀኑን ከኔትወርክ ይወስዳል፣ ያወርዳል። መንደር ሲገባ መሪጌታ ያቃኑታል፣ ማውረድ ያቆማል። እሳቸው በእኔ ያዝናሉ፣ እኔ በተራራው ጂን።

«ስማ ልጄ» አሉ መሪጌታ። «አንድ ጎረቤታችን የስልኩን ቀን አምኖ የቀበሌ ቀጠሮው አለፈበት። ስልኩ ያለው ዋርካ በር ነው፣ የሚያወራው የፈረንጅ ቀን ነው። ይህ ጥመት አይደለም? አቃናሁት። ሥራውም ቀላል እንዳይመስልህ። ጥቅምት ለስልኩ የፈረንጅ ሁለተኛ ወር ነውና ሃያ ስምንት ሲሞላ ዘሎ ኅዳር ይገባል፤ ሁለት ቀን ይበላብኛል። ስለዚህ ሰውን በየበዓሉ እሰበስባለሁ።»

«ጳጉሜንስ?» አልኩ። ማወቅ ፈለግሁ።

«አሥራ ሦስተኛ ወር እምቢ አለ። ለሚመጣው ጳጉሜን አምስቱን ቀን ሁሉም ስልኩን እንዲያጠፋ አዝዣለሁ።»

«ወላሂ ታዞልናል» አሉ አያ ይማም። «እኔም እሺ ብያለሁ።»

መሪጌታ ቀጠሉ። «ሰዓቱን ጠዋትም ቢሆን "ከሰዓት" እያልኩ የሞላሁትም ሆን ብዬ ነው። እንዲህ ካልተደረገ ቀኑ ንጋት ላይ ነው የሚለወጠው። እንዲህ ሲሆን ግን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይለወጣል። በእኛም ዕለቱ ማታ ይገባል፣ በእነ ይማምም መግሪብ ላይ ይገባል። ለሁለታችንም ልክ ሆነ።»

ሦስት ዓመት ስልክ ስፈታ ይህን አስቤው አላውቅም።

ሰዓቱ ግን አምስት ሊሆን ነው። አያ ይማም እጄን ያዙ። «ልጄ፣ ሕፃኗ!»

ቶሎ ማስረዳት ነበረብኝ። «መሪጌታ፣ ስልኩ አፕ ሊያወርድ ሲሄድ ስቶሩ የማንነት ደብዳቤ ያሳየዋል። ስልኩ ከተቀበለው በኋላ ነው በሩ የሚከፈተው። ደብዳቤው ላይ የተጻፈበትና የሚያበቃበት ቀን አለ። ስልኩ የራሱን ቀን ያይና—»

መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። መጨረስ አላስፈለገኝም። «ደብዳቤው ገና ያልተጻፈበት ዘመን ላይ ቆሞ ነው የሚያነበው!»

«አዎ።»

«የሐሰት ደብዳቤ ነው ብሎ ይመልሰዋል።»

«አዎ።»

«ልክ ነው! እኔም ብሆን እመልሰው ነበር!» ብለው ጭናቸውን መቱ። ወደ አያ ይማም ዞሩ። «ይማም፣ በስልክህ ቆጠራ የልጅ ልጅህ ገና አልተወለደችም።»

«እንዴት አልተወለደችም?» አያ ይማም ጮኹ። ድምፃቸው ተመልሶላቸዋል። «ስታለቅስ በጆሮዬ ሰማኋት እኮ!»

«በስልክህ ዘመን ዘሀራ ራሷ ገና አላገባችም ልልህ ነበር፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው አልክ፤ ተረፈች። ሙሽራ ናት!»

መሪጌታ የአያ ይማምን ስልክ ተቀብለው ራሳቸው የዘጉትን ቁልፍ ራሳቸው ከፈቱት። ቀኑ ወደ ፈረንጅ ሲዘል ፊታቸውን አዞሩ። «ስለ ሕፃኗ ሲባል» አሉ።

የአያ ይማም ጥቅል በመንገዱ ሙከራ አልቆ ስለነበር ኢንተርኔቱን ከእኔ ስልክ አገናኘሁ። ስቶሩን ነካሁ። ተከፈተ። አፑን ፈለግሁ፣ አውርድ አልኩ። አንድ በመቶ። ሁለት በመቶ። ከኋላዬ አንድ ሰው መቁጠር ጀመረ፣ ከዚያ ሰልፉ ሁሉ ቆጠረ። አርባ። አርባ ስምንት። ስልሳ ሦስት ላይ ቆመ። በዓሉ ስለሆነ ተራራው ሁሉ ደዋይ ነው፣ ኔትወርኩ ተጨናንቋል።

«ከፍ ይበል» አሉ መሪጌታና መቋሚያቸውን ሰጡኝ። ስልኬን የምናስርበት ስንፈልግ አያ ይማም ከኪሳቸው ፌስታል አወጡ፤ ስልኮቹ ሐይቅ ሲመላለሱበት የነበረውን ዓይነት። መቋሚያው ጫፍ ላይ አሰርነው። አያ ይማም ከዋርካው ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥተው፣ በረጅም ክንዳቸው ሽቅብ ወደ ዋርካው ቅርንጫፍ አነሡት።

ስልሳ አራት አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቆጠራ ሠርግ ላይ እንኳ አልሰማሁም። እያንዳንዱ ቁጥር ይዘፈናል። ዘጠና ላይ እልልታ ተጀመረ፤ አያ ይማም አግዳሚው ላይ ሆነው በትከሻቸው መለሱ። «መቋሚያውን አትወዝውዘው፣ አንተ ሰውዬ!» ይላሉ መሪጌታ፣ እሳቸውም እየተወዛወዙ። መቶ ሲል የበዓሉን ከበሮ የያዘው ሰው ሳያስበው መታው።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። አያ ይማም ከአግዳሚው ሳይወርዱ መቋሚያውን ለሌላ ሰጥተው ደወሉ። ዘሀራ ብቅ አለች። አባቷን አይታ አፏን በእጇ ያዘች። ሽማግሌዎቹ መጥተው ከዋርካው ሥር ተቀመጡ።

«አምጫት» አሉ አያ ይማም።

ጨርቅ ታየ፣ ከጨርቁ ውስጥ ትንሽ ቀይ ፊት።

«ጨለመብኝ። ወደ መስኮቱ አዙሪያት።»

ዘሀራ አዞረቻት። ሕፃኗ በብርሃኑ ዓይኗን ጨፈነች፣ አፍንጫዋን ሸበሸበች፣ አዛጋች። አያ ይማም ትክ ብለው አዩአት።

«ይሄ አፍንጫ የእናቴ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እናቴም ስታዛጋ እንዲህ ነበረች። ጦይባ። ጦይባ በሏት።»

ዘሀራ ጮክ ብላ ስሙን ደገመች። ከኋላዋ የወንዶች ድምፅ «ማሻአላህ» ሲል ተሰማ። እዚህ እልልታው ቀለጠ። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉ፤ መሪጌታም ከጎናቸው ቆመው አሚን አሉ። አያ ይማም ከአግዳሚው ወርደው እኔን ወገቤን ይዘው አነሡኝ። ካቻቢቴዬ፣ ኬብሌ፣ ትርፍ ሲሜ ሳሩ ላይ ተበተኑ። ሲያስቀምጡኝ በተራቸው ለቀምኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ሥራው ቀጠለ። ሰልፉ እንዳለ ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ተለወጠ። እኔ የእያንዳንዱን ስልክ ቀን ወደ ኔትወርኩ እመልሳለሁ፣ የእኛን ቀንና ሰዓት ከላይ የሚያሳይ የኢትዮጵያ መቁጠሪያ አፕ አወርድለታለሁ። የውስጡ ቀን ለስቶሩ፣ የላዩ ቀን ለባለቤቱ። መሪጌታ ግን አፑን ሳይፈትኑ አላሳለፉም። ጳጉሜን መቼ ስድስት እንደምትሆን ጠየቁት። የመጪ ዓመታትን ፋሲካ ጠየቁት፤ እሱ እስኪከፍት እሳቸው በጣታቸው አንጓ ጨርሰው ይጠብቁታል። አንድም አልሳተም።

«ተምሯል» አሉ በመጨረሻ። «ፍጥነት ይጎድለዋል፣ ግን ድቁና ይሰጠው።»

ሲመሽ አያ ይማም የበጉን ሙዳ በቅጠል ጠቅልለው፣ ቅጠሉን በዚያው ፌስታል አስረው ሰጡኝ። ሐይቅ ስደርስ ጋሽ ሰይድ ሁሉንም በስልክ ሰምቶ ነበር። «ስለዚህ ጂኑ መሪጌታ ናቸው?» አለ።

«ሁለታችንም ነን» አልኩት።

በማግሥቱ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን የሥራ ተራ አውርዶ ሰጠኝ። ከኢንተርኔቱ በላይ አንድ መስመር ጨመርኩበት። ከዚያ ወዲህ ከዋርካ በር በዚህ ሕመም የመጣ ስልክ የለም። አንዳንዴ ጦይባ ስታዛጋ የተነሣችው ፎቶ ይላክልኛል፤ ከዳማው በሬ ቀጥሎ አስቀምጬዋለሁ።

ስልክ አፕ አላወርድ ሲላችሁ መጀመሪያ ቀኑንና ሰዓቱን እዩ። ልክ መስሎ ከታያችሁ ለማን ልክ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ማን እንደነካው ጠይቁ። ፎርማት የመጨረሻው ነው።